ጥር ላይ የሚወድቅ በር

የመኪናዬ የኋላ በር፣ ያ ወደ ላይ የሚከፈተው፣ ሙቀት ባለው የምድር ቤት ማቆሚያ ውስጥ ሲከፈት ያለ ምንም ችግር ቆሞ ይቆያል። ደጅ ባደረ ማግስት ግን ያው በር እጅ ሲለቀው መጀመሪያ ዝንፍ ይላል፤ ከዚያ ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ግማሽ ላይ ሲደርስ ቀሪውን መንገድ በአንድ ጊዜ ይጨርሰዋል። በሩ አንድ ነው። ክብደቱ አልጨመረም። የተለወጠው የቆመበት ቦታ ብቻ ነው። ይህ ልዩነት የብርዱን ወራት ሙሉ ከአእምሮዬ ሳይወጣ ከረመ።

የምኖረው ሚኒሶታ ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1996 በግዛቲቱ ሰሜን፣ ታወር በምትባል ትንሽ ከተማ አካባቢ፣ ብርዱ ከዜሮ በታች 51 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ ነበር። እኛ ሐበሾች በብዛት በምንኖርባቸው በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል እንዲህ ያለው አይመጣም፤ ከዜሮ በታች 20 ግን በጥር ሌሊት የተለመደ ነው። በዚህ ወቅት ባትሪ ይደክማል፣ የጎማ ንፋስ ይቀንሳል፣ የበር ቁልፍ ይደርቃል። የኋላ በር መውደቅም ከእነዚህ የብርድ ጣጣዎች አንዱ ተደርጎ ስለሚታይ ለምን ብሎ የሚጠይቅ ብዙ ሰው የለም።

እኔን ያነቃኝ የጥምቀት ዕለት የሆነው ነው። ጥምቀት አብዛኛውን ጊዜ የሚውለው ጃንዋሪ 19 ነው፤ እዚህ የዓመቱ ብርድ ጫፉ ላይ የሚደርስበት ሰሞን። በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ መኪኖች ጀርባቸውን ሰጥተው ተደርድረው ነበር፤ ከበሮው፣ ጃንጥላው፣ የምግቡ ሳጥን ከየኋላቸው ይወርዳል። በዕድሜ የገፉ አንድ እናት የወጥ ድስት ሊያወርዱ ጎንበስ ባሉበት በሩ ከላይ መጥቶ ትከሻቸውን መታቸው። ባለመኪናው ወጣት ደንግጦ በሩን በሁለት እጁ ደግፎ «እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ሙቀት ሳለ እኮ ደህና ነበር» ይላል። እሳቸው ደግሞ «ምንም አልሆንኩም ልጄ፣ ጋቢው ያዘልኝ» እያሉ ያጽናኑታል። ከትከሻቸው ላይ የነበረው ወፍራም ጋቢ በእርግጥም ረድቷቸዋል። አንድ ስንዝር ወደ ግራ ቢሆን ኖሮ ግን የሚያርፈው ጭንቅላታቸው ላይ ነበር። «ሙቀት ሳለ ደህና ነበር» የሚለው ቃል ከእኔ ጋር ወደ ቤት መጣ።

በማግስቱ የራሴን በር ከፍቼ ለቀቅሁት። ወረደ።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት በረዶውን ነው። እርጥብ በረዶ ከባድ ነው፤ በመስታወቱና በበሩ ጫፍ ላይ ሲከመር ክብደት ይጨምራል፣ ያውም ከማጠፊያው ርቆ ስለሚቀመጥ ጫናው ይብሳል። ስለዚህ በሩን ጥርግ አድርጌ አጽድቼ ሞከርኩ፤ አሁንም ወረደ። ቀጥዬ ማጠፊያውን ጠረጠርኩ። ግራሶ በብርድ ይጠጥራል፤ ማጠፊያው ይጨናነቃል። ይሁን እንጂ ይህ ጥርጣሬ ትንሽ ሲያስቡት ራሱን ያፈርሳል፤ የጠጠረ ማጠፊያ በርን አንቆ ይይዛል እንጂ አይጥልም። በሩ የሚወድቀው ደግፎ የያዘው ነገር ስለላላ ነው። ደግፈው የያዙት ደግሞ በግራና በቀኝ ያሉት ሁለት ቀጫጭን ጥቁር ቱቦዎች ብቻ ናቸው።

ማረጋገጫው ቀላል ነበር። መኪናውን በሚሞቀው ማቆሚያ አሳደርኩና ጠዋት ደጅ አውጥቼ ወዲያው በሩን ከፈትኩ። በዚያ ሁሉ ብርድ ውስጥ ቀጥ ብሎ ቆመ። ዘግቼው ቆየት ብዬ ስመለስ ዝንፍ ማለት ጀምሯል፤ ሲመሽ እንደ ልማዱ ወደቀ። እንግዲህ በሩ የሚከተለው የውጭውን አየር ሳይሆን የቱቦዎቹን የራሳቸውን ሙቀት ነው። ብረቱ ብርዱን እስኪጠጣ ድረስ ጉልበቱ አብሮት ይቆያል።

ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው መካኒክ አሉ። አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ አርጅተው፣ እዚህም በዚያው ሙያ የቀጠሉ ሰው ናቸው። በሩን አንዴ ከፍ ዝቅ አደረጉትና «ሾኩ ነዋ» አሉኝ። «ብርድ ሲነካው ውስጡ ያለው ይሰበሰባል። ባላ አበጅለትና እስኪሞቅ ጠብቅ።»

ባላው እንግዳ ነገር አይደለም። አዲስ አበባ ስንቱ ቪትዝ ከኋላ ወንበሩ ሥር የመጥረጊያ እንጨት ይዞ ይዞራል! በሩ ይከፈትና እንጨቱ ይቆምለታል። አንድ ሰው እንጨቱን በክርኑ ሲነካው የሚሆነውን ግን ያየ ያውቀዋል።

«ጋሼ፣ ብርዱ ለሁሉም አንድ አይደለም እንዴ?» አልኳቸው። «ደጅ የቆመው ያ አዲሱ መኪና፣ ዓይነቱ ከእኔው ጋር አንድ ነው። የእሱ በር ለምን አይወድቅም?»

ጋሼ ፒንሳቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ከሳጥን ውስጥ አንድ ያረጀ ሾክ አውጥተው በእጄ አስያዙኝና «እሱን እንኳ አንተ ፈልግልኝ» አሉ።

ሾኩ ሲታይ ቀላል ዕቃ ነው። አንድ ወፈር ያለ ጥቁር ቱቦ አለ፤ ከውስጡ አንድ ቀጭን የሚያብረቀርቅ ዘንግ ይወጣል፤ በሁለቱም ጫፍ የብረት ኳስ የሚገባበት ማቀፊያ አለው። ውስጡ የተጠቀለለ የብረት ሞላ የለም። ያለው ናይትሮጅን ነው፣ ከምንተነፍሰው አየር 78 ከመቶውን የያዘው ያው ጋዝ። ይህ ጋዝ የሚመረጠው ብረቱን ስለማያዝግ፣ ከዘይት ጋርም ስለማይቃጠል ነው። ከጋዙ ጋር ጥቂት ዘይት አለ፤ ዘንጉ በሚወጣበት በኩል ያለውን ማሸጊያ ጎሚኒ ያለሰልሳል፣ በሩ ተከፍቶ ሊያልቅ ሲል እንዳይላተም ያበርደዋል። በዘንጉ የውስጥ ጫፍ ደግሞ ጋዙ ወዲያና ወዲህ የሚያልፍበት ጠባብ ቀዳዳ ያለው ፒስተን ተገጥሟል።

እዚህ ላይ ሌላ እንቆቅልሽ ጠበቀኝ። ፒስተኑ ቀዳዳ ካለው ጋዙ በሁለቱም በኩል በእኩል ግፊት ይገፋዋል። እኩል ከሆነ ዘንጉን ወደ ውጭ የሚያስወጣው ማን ነው? መልሱን ያገኘሁት ወረቀት ላይ ስሥለው ነው። በአንዱ በኩል ጋዙ የፒስተኑን ገጽ በሙሉ ያገኛል። በሌላው በኩል ግን መሃሉን ዘንጉ ስለያዘው ጋዙ የሚያገኘው በዙሪያው የቀረውን ቀለበት ብቻ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የዘንጉ ውፍረት ነው። ያን ሁሉ በር አንስቶ የሚይዘው ጉልበት የሚመነጨው ከዚያች ጠባብ ክብ ነው።

ምን ያህል ጠባብ? የያዝኩት ሾክ ዘንግ 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ነበረው፤ ስፋቱ ግማሽ ካሬ ሴንቲ ሜትር መሆኑ ነው። ቱቦው ላይ 500 ኒውተን የሚል ቁጥር ታትሟል፤ ወደ 51 ኪሎ ክብደት ማንሳት ይችላል ማለት ነው። ግማሽ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ 51 ኪሎ ለመሸከም ውስጡ ያለው ግፊት ወደ 100 አትሞስፌር መድረስ አለበት፤ ከመኪና ጎማ ንፋስ 40 እጥፍ ገደማ። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ሾክ አንስቼ በቸልታ የምወረውረው ዕቃ መሆኑ ቀረ። ቱቦው ላይ «አትክፈት፣ እሳት አታስጠጋ» የሚል ማስጠንቀቂያ የሚለጠፈውም ለዚህ ነው።

ቁጥሩ የሚሠራው በ20 ዲግሪ ሙቀት ነው፤ አምራቾቹ ጉልበቱን የሚለኩት በዚያ ነው። በ20 ዲግሪ 500 ኒውተን የነበረ ከዜሮ በታች 20 ላይ ስንት ይሆናል? ጥያቄው ስለ መኪና መሆኑ እዚህ ላይ አበቃ። በታሸገ ዕቃ ውስጥ ያለ ጋዝ ሲበርደው ግፊቱ ምን ይሆናል የሚለውን ደግሞ ከሦስት መቶ ዓመት በፊት ፓሪስ ውስጥ አንድ ሰው ጠይቆ መልሶታል።

ጊዮም አሞንቶን የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1663 ነው። ገና በልጅነቱ ጆሮው መስማት አቆመ፤ ጸጥታው ለሥራዬ ተስማምቶኛል ብሎ መድኃኒት መፈለግን ተወ ይባላል። ዩኒቨርሲቲ አልገባም። የሚወደው መሣሪያ መሥራት ነበር፤ ባሮሜትር፣ ቴርሞሜትር፣ የእርጥበት መለኪያ። ከእነዚህ ሁሉ ስሙን ያስጠራው የአየር ቴርሞሜትሩ ነው። በብርጭቆ ኳስ ውስጥ ጥቂት አየር ይዘጋል፤ ከኳሱ በታች ሜርኩሪ ያለበት ቀጭን ቱቦ ይቀጠላል። አየሩ ሲሞቅ እንዳይሰፋ ሜርኩሪው ይጫነዋል፤ ስለዚህ ሙቀቱ የሚታየው በግፊት ብቻ ነው። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ላይ ባደረጋቸው ሙከራዎች፣ ቀዝቃዛው አየር እስከ ፈላ ውኃ ሙቀት ሲደርስ ግፊቱ በአንድ ሦስተኛ ያህል እንደሚጨምር አገኘ።

እኔን ይበልጥ ያስገረመኝ ግን ከዚያ ጋር ያስተዋለው ነገር ነው። የታሸገው አየር ብዙም ይሁን ጥቂት፣ ግፊቱ ከፍ ያለም ይሁን ዝቅ ያለ፣ ለአንድ ዓይነት የሙቀት ለውጥ የሚጨምረውም የሚቀንሰውም በአንድ ዓይነት ድርሻ ነው። ብዙ ያለው ብዙ ያጣል፣ ጥቂት ያለው ጥቂት ያጣል፤ ድርሻው ግን እኩል ነው። ከዚህ ተነሥቶ አሞንቶን ወደ ታች አሰበ። ብርዱ እየጨመረ ሲሄድ ግፊቱ በዚያው ልክ እየቀነሰ ከሄደ፣ አንድ ቦታ ላይ ጨርሶ ያልቃል፤ ብርድ ወለል አለው ማለት ነው። የእሱ ቁጥሮች በዛሬው መለኪያ ሲሰሉ ወለሉን ከዜሮ በታች 240 ዲግሪ አካባቢ ያደርጉታል። ዮሐን ላምበርት እ.ኤ.አ. በ1779 ባሳተመው ሥራ 270 አደረሰው። ጌይ ሉሳክ በ1802 ጋዞች ሁሉ በሙቀት እኩል እንደሚሰፉ አሳየ፤ ኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባለው ዊልያም ቶምሰን በ1848 ከዚያ ወለል የሚጀምር የሙቀት መለኪያ አቀረበ። ዛሬ ወለሉ ከዜሮ በታች 273.15 መሆኑ ታውቋል። ሁለተኛ ደረጃ ላይ በጌይ ሉሳክ ስም የምንማረውን የግፊትና የሙቀት ሕግ ሳስብ፣ መስማት የተሳነው የፓሪሱ ሰው ስም ከደብተራችን መቅረቱ ይቆጨኛል።

ከዚህ በኋላ ስሌቱ አጭር ነው። 20 ዲግሪ ከወለሉ ሲቆጠር 293 ነው፤ ከዜሮ በታች 20 ደግሞ 253። 500 ኒውተን የነበረው 432 ይሆናል። የጠፋው ወደ 14 ከመቶ ነው፤ ከሰባት እጅ አንዱ። ብርድ እንደ ግብር ሰብሳቢ ነው፤ ካለህ ላይ ሰባተኛዋን ይቆርጣል፤ ለሀብታምም ለደኻም ምጣኔው አንድ ነው። ሲሞቅ ግን የወሰደውን ሳይሸራርፍ ይመልሳል።

የጋሼ አባባል እውነት ሆኖ ተገኘ፤ ብርዱ ውስጡን ይሰበስበዋል። የእኔ ጥያቄ ግን አልተመለሰም። ሕጉ እንደሚለው ከሆነ አዲሱ መኪና ላይ ያለው ሾክም ያንኑ ሰባተኛ አጥቷል፤ በሩ ግን ቆሟል። መኪና ሠሪዎች ብርድ መኖሩን አይረሱም፤ የዚህ ዓይነት ሾክ በተለምዶ ከዜሮ በታች 30 እስከ ከዜሮ በላይ 80 ዲግሪ እንዲሠራ ተደርጎ የሚሠራ ነው። እንግዲህ በበሩ መውደቅ ውስጥ ብርዱ ብቻውን አይደለም። ሌላ የሚሰርቅ አለ።

ሌባውን ያጋለጠው የሰው ክብደት መመዘኛ ነው። ሾኩን በዘንጉ በኩል ሚዛኑ ላይ አቁሞ፣ ከታች ጣውላ ከላይ ጨርቅ አድርጎ፣ ቀጥ ብሎ እንዲቆም በግድግዳ ተጠግቶ፣ ዘንጉ መግባት እስኪጀምር በሰውነት ክብደት መጫን ነው። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ወደ ጎን ካዘነበለ ይስፈነጠራል። ንባቡንም ዝም ብሎ መቀበል አይቻልም። ዘንጉ ሲገባ ጎሚኒው በሰበቃ ስለሚይዘው ቁጥሩ ከእውነቱ ከፍ ይላል፤ ሲወጣ ደግሞ ዝቅ ይላል። የሁለቱ አማካይ ነው የጋዙ ጉልበት። የሰበቃን ሕግ ለፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ በ1699 ያቀረበው ሰውም ይኸው አሞንቶን መሆኑን ሳውቅ በጣም ደስ አለኝ፤ አንዲት ቱቦ ውስጥ ሁለቱም ሥራዎቹ አብረው ይኖራሉ።

አዲስ ሾክ ገዝቼ ከራሴ መኪና ከፈታሁት ጋር ቤት ውስጥ መዘንኳቸው። አዲሱ ቁጥሩ እንደሚለው 51 ኪሎ አካባቢ ገፋ። የእኔው 46። ሁለቱንም ደጅ አሳደርኳቸው። ጠዋት ከዜሮ በታች 20 ነበር፤ ብረቱ ሳይሞቅ በፍጥነት አስገብቼ እንደገና መዘንኩ። አዲሱ 44፣ የእኔው 40 ገደማ። ሁለቱም ያጡት ድርሻ አንድ ነው፣ ልክ አሞንቶን እንዳለው። የሚለያዩት ቀድሞ በነበራቸው ነው። የእኔው ሾክ ከጋዙ አንድ አሥረኛውን ብርድ ከመምጣቱ በፊት፣ ሙቀት ሳለ፣ ማንም ሳያየው አጥቷል።

የት ሄደ? በዘንጉ ዙሪያ ያለችው ጎሚኒ ናት መውጫው። ዘንጉ በገባና በወጣ ቁጥር እሷ ላይ ይፋተጋል። ጎማ ደግሞ ለጋዝ ፍጹም ዝግ አይደለም፤ 100 አትሞስፌር ከኋላው ሲገፋ ናይትሮጅኑ በዓመታት ውስጥ ሰርጎ ይወጣል። እዚህ አገር በዚያ ላይ የመንገድ ጨው አለ። በረዶ ለማቅለጥ የሚበተነው ጨው በመኪናው ጎማ ተረጭቶ ዘንጉ ላይ ይደርቃል፤ የሚያብረቀርቀውን ገጽ እየበላ ጥቃቅን ጉድጓዶች ይፈጥርበታል፤ እነዚያ ጉድጓዶች ጎሚኒዋን እንደ ሞረድ ይፍቋታል። ዘይቱም ድርሻ አለው። አምራቾች ሾኩ ዘንጉን ወደ ታች አድርጎ እንዲገጠም የሚመክሩት ዘይቱ ጎሚኒዋ ላይ እንዲያርፍና እንዳትደርቅ ነው።

አሁን ሁለቱ ነገሮች አንድ ላይ መጡልኝ። አንድ በር ለመቆም ከእያንዳንዱ ሾክ 420 ኒውተን ይፈልጋል እንበል። 500 ያለው አዲስ ሾክ ከዜሮ በታች 20 ላይ 432 ስለሚቀረው በሩ ይቆማል። ጋዙ አሥር ከመቶ ያመለጠው ሾክ በ20 ዲግሪ 450 አለው፤ አሁንም ይቆማል፤ ባለቤቱም ምንም አይጠረጥርም። ይኸው ሾክ ግን ልክ ውኃ በሚረጋበት በዜሮ ዲግሪ ላይ 420 ይደርሳል፤ ከዚያ በታች በሩ ይወርዳል። የቀድሞው ዓመት ይህ ድንበር ከዜሮ በታች 15 ላይ ነበር፤ የሚቀጥለው ዓመት 15 ዲግሪ ሙቀት ላይ ይሆናል፤ ከዚያ ሐምሌ ላይም ይወድቃል። ማለትም «ሙቀት ሳለ ደህና ነበር» ያለው ወጣት ያየውን በትክክል ተናግሯል፤ ሾኩ ግን ሙቀት ሳለም ደህና አልነበረም። ብርድ ያደረገው የተደበቀውን ጉድለት ማውጣት ነው። በሩ በመጀመሪያ የወደቀበትን የሙቀት መጠን ጽፎ የያዘ ሰው ስንት ጋዝ እንደቀረው ያውቃል።

ውጤቱን ይዤ ጋሼ ዘንድ ስሄድ የተከራከርነው ስለ መድኃኒቱ ነው። ብዙ ሰው የሚያደርገው ዘንጉን በመቆለፊያ ፒንሳ ማነቅ ነው፤ በሩን ለጊዜው ይይዘዋል፣ ግን የፒንሳው ጥርስ ዘንጉን ስለሚቧጥጥ ሾኩን ለዘለቄታው ይገድለዋል። በጎኑ የተሰነጠቀ ጠንካራ ቧንቧ ዘንጉ ላይ ማልበስ ይሻላል፤ ዘንጉ ወደ ውስጥ እንዳይገባ ቱቦውን ደግፎ ያቆመዋል፣ እንደ እንጨቱም በክርን አይነካም። የፈላ ውኃ ማፍሰስ የቀዘቀዘውን የኋላ መስታወት ይሰነጥቃል። እሳት ማስጠጋት ደግሞ ጨርሶ መታሰብ የሌለበት ነገር ነው። በሩን ከመክፈት በፊት በረዶውን መጥረግ ነጻ የሆነ እርዳታ ነው።

«ታዲያ ከበድ ያለ ሾክ ብንገጥምለትስ?» አሉ ጋሼ። እሱም አይሆንም። ለጥር ተብሎ የተመረጠ ብርቱ ሾክ ሐምሌ ላይ ፀሐይ ቱቦውን 50 ዲግሪ ስታደርሰው አሥር ከመቶ ይጨምርበታል። በሩ ሲከፈት ከእጅ ያመልጣል፤ ለመዝጋት ጡንቻ ይጠይቃል፤ ቆርቆሮውና ማያዣው ይጎብጣሉ። መኪናው ሲሠራ የተሰጠውን ቁጥርና ርዝመት መግጠም ነው ደጉ፤ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ። አንዱ አዲስ አንዱ አሮጌ ከሆነ በሩ እየተጠማዘዘ ይከፈታል።

ሥራው ራሱ ብዙ አይደለም፤ ጋሼ ጋር ቡና ሳይፈላ አልቋል። በሩን አንድ ሰው ከፍ አድርጎ ይይዘዋል፤ ሰው ከሌለ ወፍራም ጣውላ ይቆምለታል፤ ምክንያቱም በአንድ ሾክ ብቻ በሩ አይቆምም። በትንሽ ካቻቢቴ የኳስ ማቀፊያው ላይ ያለችውን የሽቦ መያዣ ትንሽ ላላ ማድረግ፣ ማላቀቅ፣ አዲሱን ዘንጉን ወደ ታች አድርጎ ጠቅ እስኪል መጫን፤ ከዚያ ወደ ሌላው ማለፍ። የወለቁትን አሮጌዎች በመጋዝ መቁረጥ ወይም በመሰርሰሪያ መብሳት አይገባም፤ ውስጣቸው ዛሬም 90 አትሞስፌር አለ።

ነገሩ ለበረዶ አገር ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ አዲስ አበባ ላለው ወንድሜ ስደውል ግን አሳቤን አስለወጠኝ። እሱ የሚነዳው ቪትዝ ነው። «የእኔም እኮ ጠዋት ጠዋት ይወድቃል፤ ቀትር ላይ ግን ይቆማል» አለኝ። ኅዳርና ታኅሣሥ አዲስ አበባ ማለዳ 8 ዲግሪ፣ ከሰዓት 24 ሊሆን ይችላል። ይህ ልዩነት ብቻ ከአምስት ከመቶ በላይ ጉልበት ይወስዳል፤ ድንበሩ ላይ ለደረሰ ሾክ በቂ ነው። ከባሕረ ሰላጤው አገሮች በኩል የገባ መኪና ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ይገለጣል። ዱባይ በ40 ዲግሪ የቆመ በር አዲስ አበባ በ8 ዲግሪ ማለዳ ሲከፈት አሥረኛውን ጉልበት አጥቷል፤ ሙቀቱ የሸፈነውን ድካም ሸገር ላይ ነው የሚያሳየው።

«ከፍታውስ? ከባሕር ወለል ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ነን» ብሎ ጠየቀኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ከፍታ ላይ የውጭው አየር ስለሚሳሳ ዘንጉን ወደ ውስጥ የሚገፋው ይቀንሳል፤ ሾኩ በመጠኑ ይጠቀማል። ግን ጥቅሙ ከ100 አትሞስፌር ላይ ሩብ አትሞስፌር ነው፤ በር አያቆምም።

አዲስ ሾክ ለእሱ መኪና ስላላገኘ ሶማሌ ተራ ሄደ። እዚያ አሮጌ ሾክ በሳጥን ተከምሮ ይሸጣል፤ ቁጥሩ ይነበባል፤ ስንቱ ጋዝ እንደቀረ ግን ከውጭ አይታወቅም። ዘንጉ የተቧጠጠውን፣ ዘይት ያወጣውን እንዲተው ነግሬው ነበር። ከዚያ በላይ ያለውን የሚናገረው ሚዛን ነው። ወንድሜ መንገድ ዳር የሰው ክብደት ከሚመዝኑት ልጆች አንዱን ከነሚዛኑ ይዞ መጣ። ሻጩ አጣምሮ የሰጠው ሁለት ሾክ ቁጥራቸው አንድ፣ መልካቸው አንድ ነበር። አንደኛው 36 ኪሎ ገፋ፤ ሁለተኛው 24። ሻጩ ጎንበስ ብሎ ንባቡን ራሱ አየው፤ ሁለተኛውን ወደ ጎን ወርወር አደረገና ሳጥኑን ከመደርደሪያው ሥር ጎተተ። «ልጁ እንዳይሄድ» አለ፤ «የቀሩትንም እንመዝናቸው።»